ቀዩን መስመር ያለፈው መርፌ

የማሰራጫ ቴክኒሻኑ አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከኮረብታው ሥር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ትምህርት ቤት ሳሉ የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ፈተው ገጥመዋል፤ ከገጠሙ በኋላ ብሎን ይተርፋቸው እንደነበር ራሳቸውም አይደብቁም ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው በኮረብታው የኤፍኤም ማሰራጫ ተቀጥረው ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። ሥራቸውን ሲያስረዱን፣ "የሞገዱ ቁመት አይለወጥም፤ ድምፅ ሲመጣ አንዴ ይጠጋጋል፣ አንዴ ይራራቃል። መብረቅ የሚረብሸው ቁመቱን ነው፤ ሬዲዮው ደግሞ ያንን ቆርጦ ይጥለዋል" ይሉ ነበር። ድምፅ በጎላ ቁጥር የሞገዱ ድግግሞሽ፣ ፍሪኩዌንሲው፣ ከቦታው ይርቃል፤ ከልክ ካለፈ ግን የሰሚው ሬዲዮ ሊከተለው አይችልም፣ ቃሉ ይሰነጣጠቃል። ያ ልክ ባለ መርፌው መቆጣጠሪያ ላይ በቀይ ተሰምሯል።

"ድምፄን አሳነስክብኝ!" እያሉ በስልክ ከሚጨቀጭቋቸው ዜና አንባቢ ጋር ተጋብተው ሴትና ወንድ ልጅ አፈሩ።

እናታችን በጠና ታመው ሳለ አድማጮቻቸውን ልሰናበት ብለው አንድ ቀትር ላይ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገቡ። ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። አባታችን ኮረብታው ላይ ሆነው፣ ለሚስታቸው ሳስተው፣ ድምፁን አጉልተው መርፌውን ከቀዩ መስመር አሳለፉት። ዓይናቸው መርፌው ላይ ስለነበር ቃሉን አላዳመጡም። እናታችን ከስቱዲዮ በቃሬዛ ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን፣ ዳግም ሳይናገሩ አረፉ። የቀረው ሴት ልጃቸው እቤት ሆና ከሬዲዮ የቀዳችው ካሴት ብቻ ነው። "ባለቤቴና ልጆቼ" ካሉ በኋላ ያለው ዘጠኝ ሴኮንድ ሁሉ ስንጥቅጥቅ ነው።

አባታችን ከዚያ ወዲህ ኮረብታውን አልወጡም። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ካሴት ሲጠግኑ ኖሩ፤ እንደማይጠገን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ተስፋ ቆርጠው ነበር፤ እኛም እንዲሁ።

ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ ልጃቸውን፣ "አንቺ እቤት ነበርሽ፤ ምን አለች?" ሲሉ ጠየቁ። "'አይዟችሁ' ብላለች" ብላ ዋሸቻቸው።

"አይደለም፤ ዘጠኝ ሴኮንድ ነው" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በስድሳ አራት ዓመታቸው፣ ሁለት ልጆችና ሁለት የልጅ ልጆች ትተው አረፉ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከእናታችን አጠገብ ያኑርልን፤ ያቺን ዘጠኝ ሴኮንድም ከራሳቸው ከእናታችን አንደበት ያሰማልን።