ነገ ኢየሩሳሌም እንወጣለን

ትርንጎዬ፣

ይህን የሚጽፍልሽ ባልሽ ነው። አዎ፣ እኔው፣ በገዛ እጄ። ማን ጻፈልህ እንዳትዪ። ከተለየሽኝ ዓመት ከአንድ ወር ሆነ፤ አንቺ አንድ ቀን በህልሜ እንኳ ሳትመጪ እኔ ፊደሉን ቆጥሬ ጨረስኩ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። እርግጥ ግማሾቹ ዓይናቸው ደክሟል፣ አንዱ ደግሞ ከሀሁ ጀምሮ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። መምህራችን እዚሁ አገር የተወለደች ልጅ እግር ናት። አባባ፣ ይህን የመሰለ ጭንቅላት ይዘው እስካሁን የት ነበሩ ትለኛለች። ወደብ ነበርኩ እላታለሁ፣ መርከቦቹ ያለ እኔ አንገባም ብለው። ትስቃለች። አንቺ ብትሆኚ ኤዲያ ብለሽ ፊትሽን ታዞሪ ነበር።

ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ለፊደሉ ብዬ አይደለም የገባሁት፤ ለማዝጋኑ፣ ለአየር ማቀዝቀዣው ነው። የእኛን ቤት ማዝጋን ካንቺ ወዲህ አልከፈትኩትም። መክፈቻውን አነሳና እጄ እምቢ ይለኛል። ባለፈው በጋ ሙቀቱ ሊገድለኝ ሲደርስ መትናስ የሚሉት የሰፈሩ አዳራሽ ገብቼ፣ ማታ ማታ ሰው የሚማርበት ቀዝቃዛ ክፍል አገኘሁና ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም ብለው ደብተር ሰጡኝ። እንዲህ ነው የተማርኩት። ለሌላ ሰው ጥበብ ጠርቶኝ ነው እላለሁ።

ቤቱን ብታይው አታውቂውም። ጨው በእቃው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል፤ በማንኪያ እጀታ እሰብረዋለሁ። የመስኮቱ ብረት ዝጎ በእጄ ይረግፋል። ያጠብኩት ሸሚዝ ሦስት ቀን ተሰቅሎ እርጥብ ነው። ከሱቅ የማመጣው እንጀራ በማግስቱ ጢም ያበቅላል፤ አሁንስ ከእኔ በላይ ጢም አለው። ነጩን ቀሚስሽን በላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። በፋሲካ ሰሞን ባወጣው ሻግቷል። እንደገና ጠቀለልኩት። ምን ላድርግ?

ቆላ ነው፣ ትርንጎ። ከመጀመሪያውም ያልሽው ይህን ነበር።

የወገራ ሰው ቆላ ወርዶ አያድርም ብለው ነው ያሳደጉን። እኛ ግን ወረድን። ሱዳን ላይ የበኩር ልጃችንን ያ ሙቀት ሲወስድብን፣ አፈሩን በእጅሽ እየመለስሽ፣ ከእንግዲህ ቆላ ምድር አልኖርም ብለሽ ማልሽ። ያን ሁሉ መንገድ በእግራችን የሄድነው ለኢየሩሳሌም ነበር። ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ናት፣ ነፋሷ የደጋ ነፋስ ነው ብለውን ነበር። እዚህ ስንደርስ ወንድምሽ ኢየሩሳሌም ገብቶ ኑ፣ ከእኔ ዘንድ ኑ እያለ ላከብን። እኔ ደግሞ አሽዶድ ላይ መርከብ አየሁ። በሕይወቴ መርከብ አይቼ አላውቅም ነበር። ባሕር ያለበት አገር ቆላ አይባልም ብዬ እንደ አገር ሽማግሌ ተናገርኩ። ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም። አንቺም ባሌ ያውቃል ብለሽ ተከተልሽኝ። የዚህ አገር ክረምት ስለነበር ብርድ ብርድ ይል ነበር። በመጀመሪያው ሐምሌ፣ በጋው ሲገባ ግን፣ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ነጠላሽን በላብ አርሰሽ አየሽኝ። ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመት አንድ ቀን፣ ለስግድ በዓል ብቻ፣ ኢየሩሳሌም እንወጣ ነበር። እዚያ አፍሽን ከፍተሽ ነፋሱን እንደ ውሃ ትጠጪው ነበር። ማታ አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። አንገትሽ ማላብ ሲጀምር፣ ሳትገልጪው፣ አሽዶድ ደርሰናል ትያለሽ። አንድ ቀን ተሳስተሽ አታውቂም።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ቀልድ አደረግሁት። በጋ በመጣ ቁጥር ከበሩ ስገባ፣ ትርንጎ፣ ጋቢሽን ያዢ፣ ነገ ኢየሩሳሌም እንወጣለን እልሽ ነበር። ስንት በጋ! ከታች ጥላው ሥር ለሚቀመጡት ሽማግሌዎችም፣ ሙቀት እኔን ሲያይ እሱ ራሱ ጥላ ይፈልጋል እያልኩ እፎክር ነበር። ልጃችን ማልካ ኢየሩሳሌም ቤት ይዛ፣ ለበጋው እንኳ እናቴን አምጣልኝ ስትለኝ፣ ከበዓል በኋላ አልኳት። የቱ በዓል እንደሆነ አልተናገርኩም።

ማዝጋኑን እንደማትወጂው አውቃለሁ። የሱ ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ነፋስ የሌለው ብርድ የሬሳ ብርድ ነው ትይ ነበር። እኔ ከፍቼው እወጣለሁ፤ አንቺ እግሬን ጠብቀሽ ታጠፊዋለሽ። ያን ቀንም ከፍቼልሽ ወጣሁ። እንደምታጠፊው አውቄ ወጣሁ።

ስመለስ መስኮቱ ክፍት ነበር። ወንበርሽን በምሥራቅ በኩል፣ ወደ ተራራው አዙረሽ ተቀምጠሻል። ከኋላሽ ሆኜ የተለመደውን አልኩ፤ ጋቢሽን ያዢ፣ ነገ ኢየሩሳሌም እንወጣለን። ዝም አልሽ። በዚያ ቀልድ ስቀሽ ስለማታውቂ አልገረመኝም። ሁለተኛውን ጨመርኩልሽ፤ ወደብ ያሉት ዓሦች ማዝጋን ካልገባልን ብለው ሥራ አቁመዋል አልኩሽ። ለዚያስ ኤዲያ ማለት ነበረብሽ። እየሳቅሁ ነው ዞሬ ፊትሽን ያየሁት። ግንባርሽ ደርቋል። በሐምሌ አሽዶድ ውስጥ ግንባሩ የሚደርቅ ሰው የለም።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። የለቅሶ ሰው ሁሉ ልብ ነው፣ ልብ ነው አለ። እኔም ልብ ነው እላለሁ። ላንቺ ብቻ ነው እንዲህ የምጽፈው፦ ኢየሩሳሌም የአንድ ሰዓት መንገድ ነበረች። ከወገራ ሱዳን ድረስ በእግርሽ የሄድሽውን ሴት፣ የአንድ ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ሳላወጣሽ ቀረሁ።

የመጨረሻው ቃሌ ደርሶሽ ይሆን ወይስ አልደረሰሽም፣ ይህን ነው የማላውቀው። ደርሶሽ ከሆነ በቀልድ ነው የሸኘሁሽ። ካልደረሰሽም ለባዶ ቤት ነው ያወራሁት። የትኛው እንደሚሻለኝ ዓመት ሙሉ አሰብኩ። አንዱም አይሻልም።

አሁን ወሬው ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ወደቅሁ። ጎረቤት ነው ያነሳኝ። ሐኪሙ ሌላ በጋ እዚህ አትችልም አለኝ፤ ማልካም አልቅሳ፣ አባቴ፣ አንተንም እዚያ ወንበር ላይ እንዳላገኝህ አለችኝ። በዚህ ጊዜ አልቀለድኩባትም። እሺ አልኩ። እነሆ ነገ ልትወስደኝ ትመጣለች። ያ አንቺ የለመንሽው ነፋስ ለእኔ ሊሆን ነው። በምን ፊቴ እንደምተነፍሰው አላውቅም።

እቃ ስሰበስብ ከአልጋው ሥር የታሰረ ሻንጣሽን አገኘሁ። ከፈትኩት። ሁለት ጋቢ፣ የእኔ የሱፍ ቆብ፣ የእኔ ወፍራም ካልሲ። ትርንጎ፣ አንቺ እኮ ቀልድ አልመሰለሽም። ወይም መስሎሽም አዘጋጀሽ። ካልሲዬን ሳይቀር። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን ጋቢው ውስጥ ቀብሬ ቆየሁ። ላብ ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁትም።

ዛሬ ጠዋት መቃብርሽ ዘንድ መጥቼ ነበር። ሁልጊዜ እንደማደርገው ድንጋዩን በእጄ ነካሁት፤ ያቃጥላል። በጠርሙስ የያዝኩትን ውሃ ከራስጌሽ ጀምሬ አፈሰስኩበት። ጠባቂው አበባ የለም እኮ፣ ምኑን ነው የምታጠጣው ይለኛል። ግርጌሽ ሳልደርስ ራስጌሽ ይደርቃል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ስናደርግ ከረምን፣ እኔና አንቺ። ከነገ ወዲያ ይህን ማን ያደርጋል? ሌሊቱን ያሰብኩት ይህን ነው።

አልረሳሽም ማለት ቀላል ነው፤ ፎካሪ ሰው ደግሞ ብዙ ይላል። ስለዚህ ትንሿን ብቻ ልማልልሽ። በየወሩ እወርዳለሁ። ከኢየሩሳሌም ቧንቧ፣ በማለዳ፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ውሃ ቀድቼልሽ፣ ጠርሙሱን በአንቺ ጋቢ ጠቅልዬ፣ በዚያው አውቶቡስ እመጣለሁ። አንገቴ ማላብ ሲጀምር አሽዶድ ደርሰናል እላለሁ፤ እንዳንቺ ዓይኔን ጨፍኜ።

እስክደርስልሽ ይሞቃል። አውቃለሁ።

ባልሽ