ፖምፓው ጤነኛ ነበር

እንጅባራ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ይሄይስ፣

ፖምፓው ጤነኛ ነበር። ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምኩት፣ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ብትቀደው እንኳ ይህችን አንብበህ እንድትቀደው ብዬ ነው። አሁን ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጠይቅህ ይገባ ነበር። ግን ጋራዥህን ዘግተህ እስከ ፓዊ እንድትሰደድ ያደረግሁህ ሰው ስለ ደህንነትህ የምጠይቅበት አፍ ከየት አመጣለሁ?

ደብዳቤውን የምልክልህ በእህትህ በያለምወርቅ በኩል ነው። ዳንግላ ሱቋ ድረስ ሄጄ ስለምናት፣ "አደርስልሃለሁ፤ ያነበዋል ብዬ ግን ቃል አልገባም" አለችኝ። ቁጭ በል እንኳ አላለችኝም። ልክ ናት።

ያችን አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ አሥራ ስምንት ዓመት ለሁለት ያዝናት ማለት ይቻላል። እኔ መሪዋን፣ አንተ ሆዷን። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ዲግሪ አለኝ፣ ሁሉን ነገር በደብተር እጽፋለሁ። አንተ ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ጋራዥ የገባህ የዘንገና ገበሬ ልጅ ነህ፤ ብሎን እምቢ ሲልህ በአዊኛ ታጉረመርማለህ። ከመኪናዋ ስር ተኝተህ እግሬን ስታይ "መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታስተምረኝ መጣህ?" ትለኝ ነበር። ከአንተ ሌላ የሚቀልድብኝ ሰው አልነበረኝም።

በ2016 መስከረም ናፍጣ ከከተማው የጠፋበትን ሰሞን ታስታውሳለህ። በየመንገዱ ዳር በቢጫ ጀሪካን ይሸጥ ነበር፤ ውሃም አፈርም አለበት። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ቆሻሻ ነገር አልወድም። የባለቤቴን የእናትነሽን አሮጌ ነጠላ አጥፌ፣ ቂጡ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ዘርግቼ፣ ናፍጣውን እያጠለልኩ መቅዳት ጀመርኩ። አንድ ቀን በደጄ ስታልፍ አይተኸኝ ቆምክ።

"መምህር፣ ተው። ጨርቅ ክር ይጥላል።"

"ሁለት ዕጥፍ ነው" አልኩህ።

"ሁለት ዕጥፍ ከሆነማ ክሩም ሁለት ዕጥፍ ነዋ!"

ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም። ስለ ጨርቅ ቀዳዳ ስፋትና ስለ አፈር ቅንጣት መጠን እዚያው ቆሜ አስተማርኩህ። እስከ መጨረሻው አዳመጥከኝና "እሺ መምህር" ብለህ ሄድክ። ለምን እሺ አልክ? ለምን ነጠላውን ነጥቀህ አልወረወርከውም? አንዳንድ ቀን በዚህ እናደድብሃለሁ። ከዚያ በንዴቴ አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥራት ጀመር። ሜዳውን ደህና ትሄዳለች። ዳገት ስትጀምር ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትጠፋለች። አሥር ደቂቃ አቁመናት ስናስነሳት ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ትነሳለች። ፊልትሮ ቀየርክ። አየር አወጣህ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳበስክ። በመጨረሻ "የናፍጣ መያዣውን፣ ሰልባትዮውን፣ አውርደን እንጠበው፤ መምጠጫው አፍ ላይ የሆነ ነገር አለ" አልከኝ። ሰልባትዮው ውስጥ ግን ሦስት ቀን ዞሬ የለቀምኩት ናፍጣ ነበር። የት ይገለበጣል? ማን ይጠብቀዋል? እምቢ አልኩ። መጽሐፍ ገልጬ ምልክቱ የፖምፓ፣ የናፍጣ መግፊያው፣ ነው ብዬ ፈረድኩ። አንተም ፖምፓውን ፈትተህ፣ በውስጡ ያረጁትን የጎማ ቀለበቶች ቀይረህ መልሰህ ገጠምከው። "ይኸው እንዳልከኝ አደረግሁ። ልቤ ግን አሁንም ሰልባትዮው ላይ ነው" አልከኝ።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ ቀን፣ እናትነሽ ግምጃ ቤት እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ ደረቷን ያዛት። ተደወለልኝ፤ ሄድኩ። ስወርድ መኪናዋ ምንም አላለችም። እናትነሽን አሳፍሬ ወደ እንጅባራ ሆስፒታል ስመለስ ዳገቱ ላይ ጠፋች። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰውና በጋሪ ተሞልቷል፤ ናፍጣ ስለሌለ ግን አንድም ሚኒባስ አያልፍም። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ተነሳች፣ ትንሽ ሄደች፣ ጠፋች። አምስት ጊዜ። እኔ መሪውን እየደበደብኩ ስምህን እየጠራሁ እሳደብ ነበር። እናትነሽ ዓይኗን እንደጨፈነች "በዛብህ፣ አትሳደብ፣ ሰው ይሰማሃል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ከገበያ የሚመለስ ባለ ጋሪ እህሉን መንገድ ዳር አራግፎ ጫነን። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ አልፋለች። ሐኪሙ "አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን..." ብሎ አቆመ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልትደርሰኝ መጣህ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ዕድርተኛው ሁሉ ፊት ተነሳሁና ጤነኛውን ፖምፓ አውጥተህ የወዳደቀ ገጥመህብኛል፣ ሚስቴን የገደልካት አንተ ነህ አልኩህ። "አልለወጥኩም ብለህ ማል!" ብዬ ጮህኩ። እዚህ አገር የተጠረጠረ ሰው ይምላል፤ አልምልም ካለ ተፈረደበት። ኮፍያህን በሁለት እጅህ ይዘህ ዝም ብለህ ቆየህ።

"መምህር፣ እኔ በብረት ጉዳይ እግዚአብሔርን አልጠራም። መኪናዋ ደጅ ናት። አሁኑኑ ፈትተህ እየው።"

ይሄይስ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ልጆቹን "ሳትለኩ አትናገሩ" የምል ሰው ነኝ። የፖምፓው ቁጥር መኪናዋን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ በደብተሬ ተጽፏል። ኮፈኑን ከፍቶ ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላየሁም። ዓመት ከመንፈቅ አላየሁም። በሁለት ወር ውስጥ ደንበኛ ራቀህ፤ በከተማው "ያልማለው" ብለው ሲጠሩህ እሰማ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ይህንንም እወቀው።

ባለፈው መጋቢት መኪናዋን ልሸጣት አወጣሁ። ገዢው አስማረ የሚባል የዳንግላ መካኒክ ይዞ መጣ። አስማረ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ከፍ አድርጎ ሞተሩ አጠገብ አሰረና፣ ሰልባትዮውን ትቶ ናፍጣውን ከዚያች በቱቦ ሰደደ። "ይንዷት" አለኝ። የግምጃ ቤቱን ዳገት ሦስት ጊዜ ወጣሁት። አንድ ጊዜም አላሳለችም። ከሦስተኛው በኋላ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

"ጋሼ፣ ፖምፓዎት አንበሳ ነው። ጉዱ ሰልባትዮው ውስጥ ነው" አለኝ።

አወረድነው። መምጠጫው አፍ ላይ አውራ ጣት የሚያህል የጥጥ ድብልብል ነበር። ሞተሩ ናፍጣ ሲስብ አብሮ ይሳብና አፉን ይደፍናል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቅና ይወርዳል። ዳገት ላይ ብዙ ናፍጣ ስለሚሳብ የሚብሰው ለዚህ ነው። ድብልብሉን በጥፍሬ ፈታሁት። መሐሉ ላይ ከነጠላው ጥለት የመጣ አረንጓዴ ክር አገኘሁ። ከዚያ ደብተሬን አምጥቼ የፖምፓውን ቁጥር አየሁ። ያው ነው።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ደስ እንዲልህ ብዬ አይደለም የምነግርህ፤ የሆነውን ስማ። የዕድሩ ዳኛ አቶ አበረ "መምህር፣ ይኸ ሐዘኑ ነው። በራስህ ላይ አትፍረድ" አለኝ።

"ሐዘን አይደለም! ጥጡ ይኸው!"

ወይዘሮ ወርቅነሽ ከኋላ "ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ምነው መማል ፈራ?" አሉ።

"ፈትታችሁ እዩ ብሎ ነበር እኮ!"

"እሱማ መካኒክ አይደል? ብናይ እንደማይገባን ያውቃል" አለ አንዱ። ሳቁ።

"እሺ፣ እኔ ልማልለት" አልኩ።

"ለሌላ ሰው አይማልም" አለ አበረ። ከዚያ፣ እውነት ለመናገር በደግነት፣ "በነጠላ ስታጠልል ያየህ ሰው አለ? አንድ ምስክር ጥራና ስሙን እናድስለት" አለኝ።

ምስክር አለኝ፣ ይሄይስ። አንተም ታውቃታለህ። ያን ቀን በደጄ ስታልፍ ነጠላውን በሁለት ጫፉ ወጥራ የያዘችልኝ ልጄ የምሥራች ናት። ሁልጊዜም የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። አሁን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ስምህ ሲነሳ ክፍሉን ለቅቃ ትወጣለች፤ እናቷን የገደልካት አንተ እንደሆንክ ነው የምታምነው፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። እውነቱን ብነግራት ጥላቻዋ ከአንተ ላይ ይነሳል። የሚያርፈው ግን በእኔ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ዕለት ደውዬ በነገርኳት። ያዢ ስላልኳት የያዘች ልጅ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ግን እጆቿን ታያለች።

አበረ ሲጠይቀኝ "ማንም አላየኝም" አልኩ። መዝገቡን ዘጋና ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገሩ። መጀመሪያ የበደልኩህ ሳላውቅ ነው ብዬ ልከራከር እችል ይሆናል። ይህኛው አውቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ድንኳኑን አስባለሁ። ስለ ነጠላው አንዲት ቃል ብትናገር በዚያው ትድን ነበር፤ አስጠንቅቀኸኝ ነበርና። አልተናገርክም። የምሥራች በሩ አጠገብ ቆማ እያየችህ ነበር። ዝም ብለህ የቆየኸው ለምን እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

ይቅርታ አልጠይቅህም፤ እየበደልኩህ ሳለሁ ምን ይቅርታ አለ? ይህን ደብዳቤ ግን በስሜና በፊርማዬ ሰጥቼሃለሁ። ለዕድሩ ላከው፣ ለያለምወርቅ አንብብላት፣ ለየምሥራችም ብታሳያት አልከለክልህም። አንተ ግን ለማንም እንደማታሳየው አውቃለሁ። ያን ስለማውቅ ነው ልጽፈው የደፈርኩት።

በዛብህ ውዱ