አርባ ቀን የሚፈጅ ፎቶ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም።

ፋብሪካችን የብረት ማቅለጫውን ምድጃ ሳናፈርስ ሆዱን የምናይበት መሣሪያ አስመጥቷል። ሙዮን የሚባሉ ከሰማይ የሚወርዱ ቅንጣቶች ምድጃውን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ጥቅጥቅ ያለው ግድግዳ በርከት ያሉትን ያስቀራል፣ የሳሳው ያሳልፋል፤ ከወዲያ በኩል ያቆምነው ሰሌዳ ያለፉትን ይቆጥራል። ታዲያ ቀስ ብሎ ነው፤ አንድ ምስል አርባ ቀን ይፈጃል።

አባባ ይህን ሲሰሙ "ጡቡን የደረደርኩት እኔ እያለሁ ሰማይ ትጠይቃላችሁ?" ብለው ተቆጡ። ማክሰኞ ይዣቸው ሄድኩ። ያቺን አጭር ደረጃ ሦስት ጊዜ አርፈው ወጡና "በግራ በኩል፣ ከታች ሳስቷል" አሉ። ያለፈው ወር ምስልም ልክ እንደዚያው ነበር። መሐንዲሱ አፉን ያዘ፤ እኔማ ኩራቴ ልክ አጣ።

ቤቱም ደህና ነው። የአባባን ቀበቶ ለማጥበቅ ሦስተኛ አዲስ ቀዳዳ በሳሁላቸው። ሐኪም ቤት ሲባል እንዴት እንደሚሆኑ መቼም ታውቂያቸዋለሽ።

የዚያን ቀን ልንወጣ ስንል ዘወር ብል ከኋላዬ የሉም። ለካ ኮታቸውን አውልቀው፣ ደረታቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ምድጃው አጠገብ ቆመዋል።

"አባባ፣ አርባ ቀን እኮ ነው የሚፈጀው!" አልኳቸው።

"እቆማለሁ" አሉኝ።

እታለም፣ የዓመት ፈቃድሽን ወደዚህ ወር ብታመጪው ምን ይመስልሻል? እስክንተያይ ደህና ሁኚልን።

ታናሽ ወንድምሽ