ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለነስረዲን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? ጭነት ስታነሳ ያመመህ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። የኅዳር ውርጭ ገብቷል፤ ጭላሎም ጠዋት ጠዋት ጉሙን ተከናንቦ ነው የሚነሳው። በስልክ ሁሉንም ደህና ደህና እያልክ ስለምታልፈኝ ነው ዛሬ ወረቀት ያነሳሁት። ወረቀት ላይ መሃል ገብተህ ወሬ አታስቀይረኝም።

መጀመሪያ ስለ ኮምፒውተርህ ልንገርህ። እማዬ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ምን እንደምታይ ታውቃለህ። የሄድክ ቀን ጠዋት ራስህ የቀረጽከውን ቪዲዮ ነው፤ እሷ ጨጨብሳውን ጨርስ እያለች ስትቆጣህ፣ አንተ አፍህን ሞልተህ ስትስቅ። ከዒድ አልፈጥር ወዲህ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ካልከን ፊትህን የምታይበት እሱ ብቻ ነው። ታዲያ መስከረም ላይ፣ ደጋግማ ስታየው፣ አራተኛው ላይ ስትደርስ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋ ጀመር።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራቱን ነበር፤ የሰፈራችንን መብራት ታውቀዋለህ። ከጎረቤታችን ከዙቤዳ ስታብላይዘር ተውሼ ሞከርኩ፤ አልተወም። ከዚያ ሳጥኑን ፈታሁት። አንድ በአንድ መርምሪ፣ ሁለት ነገር ባንዴ ከነካሽ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቂም ትለኝ አልነበር? ገመዱን ቀየርኩ፣ ሞከርኩ። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ አጥብቄ ሰካሁ፣ ሞከርኩ። በዚህ መሃል ጭራሽ አልነሳም ብሎ ጢጥ ጢጥ ጢጥ አለብኝ። እኔም ባለሙያ ሆኜ፣ ሜሞሪው ነው የተበላሸው ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ለእማዬ ሜሞሪ ማለት መንዙማውና ፎቶው የሚቀመጥባት የስልኳ ትንሽ ካርድ ነች። ሜሞሪው ተበላሸ ማለት አንተ ከነሳቅህ ጠፋህ ማለት ነው። መደቡ ላይ ዝርፍጥ ብላ፣ ኢልመኮ፣ ልጄን ሁለተኛ ወሰዱብኝ እያለች አለቀሰች። ይሄኛው ሜሞሪ መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉን የሚረሳ ነው፣ ልጅሽ ያለው ሌላ ቦታ ነው ብዬ ብምል ብገዘት አላመነችኝም። የሜሞሪውን ጥርስ በላጲስ ጠርጌ መልሼ ስሰካው ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ አንተም እንደ ልማድህ ሳቅክ። የዚያኑ ዕለት ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት።

መጥፋቱ ግን አልቀረም። ተሸክሜ መናኸሪያው አጠገብ ለሚጠግነው ለይስሃቅ ወሰድኩለት። ሁለት ቀን ሙሉ ከፍቶት ዋለ፤ አንዴም አልጠፋም። ምንም የለበትም፣ ደህና ነው ብሎ መለሰልኝ። ቤት ገብቶ ጁምዓ ሲደርስ እንደገና ድርግም። እሱ ጋ ጤነኛ፣ እኛ ጋ በሽተኛ። ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ እዚያ የሌለ እዚህ ያለ ነገር ምንድን ነው እያልኩ ሳስብ እማዬ ዳንቴሉን ልታስተካክልለት መጣች።

ዳንቴሉን አንተ አታውቀውም፤ ከሄድክ በኋላ የሠራችው ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ሳጥኑን ከአናቱ እስከ እግሩ የሚያለብስ። ስትመለስ አቧራ ሳይነካው እንድታገኘው ብላ ስክሪኑን ብቻ ገልጣ ነው የምታየው። ለካ የአየር መውጫው ቀዳዳ በሙሉ ታፍኗል! እጄን ብሰድ ሳጥኑ ይፋጃል። ገልጬ ከፈትኩት፤ ይኸው ሦስት ጁምዓ ሆነው፣ አልጠፋም። ስነግራት ዳንቴሉን አንስታ አጣጠፈችው። ከዚያ ለነስሩ እንዳትነግሪው አለችኝ። እኔም አልነገርኩህም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ካሜራህ ተበላሸ ካልከን ስምንት ወር ሞላ። መመርመር ያስተማርከኝ አንተ ነህና አትቆጣ፤ አንተንም አንድ በአንድ ሞክሬሃለሁ። ኔትወርኩ ነው እንዳልል ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስልኩ ነው እንዳልል በዐረፋ አዲስ ገዛሁ ብለኸናል፤ አዲሱም ዓይነ ስውር ነው? የቀረኸው አንተ ነህ። ታመህ ነው? ከስተህ ነው? ሥራው ቀርቶብህ ነው? እንዳናስብ ብለህ እንደምትሸፍነው አውቃለሁ። እማዬም ዳንቴሉን ያለበሰችው ለክፋት አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ነስሩ። በጣም ናፍቀኸኛል። የናፈቅከኝ ደግሞ አምሮብህ አይደለም፤ እንዳለህ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልህ ሐጂ ከዲሮ ናቸው፤ ለዑምራ ይመጣሉ። በዓይናቸው አይተውህ እንዲመለሱ አደራ ብያቸዋለሁ፤ አልተመቸኝም ብለህ እንዳትሸሻቸው። የበቆጂ ገብስ በሶ ይዘውልሃል።

ዙቤዳ ሰላም ብላሃለች። ጎበሳ ያሉት አክስታችን ፋጡ በዱዓቸው አልረሱህም። ልጄ አሚራ፣ አጎቴ ድምፅ ብቻ ነው ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፤ መልሱን ለአንተ ትቼዋለሁ። እማዬ ዓይንህን ትስማለች፤ በሚመጣው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ኮምፒውተሩን ትታ የእኔን ስልክ ይዛ ትጠብቅሃለች። በሶው የተጠቀለለበትን ጨርቅ እንዳትጥለው፤ ያ ዳንቴል ነው። አጥባ፣ በካውያ ተኩሳ፣ ራሷ ጠቀለለችበት። አቧራ ቢነካው እኔ እጠርገዋለሁ፣ ብቻ ተገልጦ ልየው አለች። ስለ ኮምፒውተሩ ይሁን ስለ አንተ አልጠየቅኳትም።

እህትህ ሙቢና
አሰላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.