መርዶ ለጋሽ ኬን

ሰኞ

ሃያ ሁለት ቁጥራችንን ሰጡት። ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ስልኬን ስከፍት አየሁት። ስንት ዓመት ለቡድናችን የሮጠ ሰው ለሌላ ቡድን ተላለፈ። በምትኩ ያገኘነው ሰው እንኳ አይደለም፤ በድራፍቱ ላይ አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ የመምረጥ ተራ ነው። ድራፍት ቡድኖቹ በዓመት አንዴ አዳዲስ ልጆችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ቀን ነው። ሰው ሄዶ ቁጥር መጣ።

ኤርሚ ቢኖር ካልሲውን ይወረውርብኝ ነበር፣ ተጫዋቹን እኔ የሰጠሁት ይመስል። አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

ይሄ ደብተር የእሱ ነው። የአውስትራሊያ ፉትቦል ደብተሩ። ስለሚመረጡት ልጆች በአማርኛ ነበር የሚጽፈው። "ረጅም። ግራ እግር። ሲከቡት አይደነግጥም። ፀጉሩን መቆረጥ አለበት።" ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ እጽፍበታለሁ።

ጋሽ ኬን ጽፈዋል። "ኤርሚ፣ ምን እንዳደረጉን አየህ? አለቀስክ?"

"ትንሽ" ብዬ መለስኩ።

ኤርሚ ከሞተ ሰባት ሳምንቱ ነው። ወንድሜ ነው። ጋሽ ኬን አያውቁም። በእሱ ስልክ የምመልስላቸው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

እንዴት እንደጀመረ ልጻፈው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ኤርሚ የወደቀው ቅዳሜ ቀን ነው፣ ፓርክ ውስጥ፣ ልምምድ ላይ። ዴንቨር ያሉ አውስትራሊያውያን ያቋቋሙት ትንሽ ቡድን አለ፤ ሐበሻው እሱ ብቻ ነበር። ልቡ ነው አሉ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። እማዬ የኳሱን ቦርሳ ጋራዥ አስገባችው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ኳስ የሚል ቃል ተነግሮ አያውቅም።

አዲስ አበባ ያለችው የአባዬ ታላቅ እህት፣ እቴቴ የምንላት፣ ስምንት ቀን አልሰማችም። መርዶ በስልክ አይነገርማ። እዚያ ያሉት ዘመዶች ተሰባስበው እስኪሄዱላት ድረስ በደወለች ቁጥር አባዬ "ደህና ነው፣ ሥራ ገብቷል" ይላት ነበር። ድምፁ ላይ ምንም አይታወቅበትም። ስልኩን ሲዘጋ ሽንት ቤት ይገባና ውኃውን ይከፍተዋል።

በዚያው ሳምንት ነው የኤርሚ ስልክ ላይ የጋሽ ኬን መልእክት የመጣው። "ጨዋታውን አየህ?" ይላል። እጄ ቀደመኝና "አላየሁም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልኩ። እንደ አባዬ። እስኪነገራቸው ድረስ ብዬ ነው፣ እውነቴን ነው። ለእቴቴ ግን አራት ሰው ጎህ ሳይቀድ ሄደላት። ወደ ጋሽ ኬን የሚሄድ ማን አለ?

ጋሽ ኬን ጡረታ የወጡ የትራም ሾፌር ናቸው። አውስትራሊያ፣ ባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ከውሻቸው ጋር ይኖራሉ። ኤርሚ አሜሪካ እንደገባን ኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ ሲሠራ፣ እዚያ ቀን ስለሆነ ጨዋታውን በስልኩ ያይ ነበር፤ የተዋወቁትም በደጋፊዎች ገጽ ላይ ነው። "ጋሽ" ያላቸው እሱ ነው። ትርጉሙን ሲነግራቸው በጣም ደስ ስላላቸው እስከ ዛሬ መልእክታቸውን የሚጨርሱት "ጋሽ ኬን" ብለው ነው።

ዛሬ ዝርዝሩን ላክሁ። በየዓመቱ ከድራፍቱ በፊት እያንዳንዳቸው አሥር ልጆች በደረጃ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይሰዳደባሉ። እኔ ቁጥሮችን አይቼ ነው የሠራሁት፦ ፍጥነት፣ ቁመት፣ ስንት ኳስ እንደያዘ። ደግሞም ባለፈው ሳምንት የአንዱን ረጅም ልጅ ዝውውር ቀድሜ ገምቼ ልክ ሆኜአለሁ። "ዘንድሮ ጎበዝ ወጣህ" አሉኝ። ለአንድ ሁለት ደቂቃ ደስ አለኝ። የተመሰገነው ግን ኤርሚ ነው። ቀጥሎ ያፈርኩትም እኔው።

ረቡዕ

ዝውውሩ ተዘጋ። የወጡ፦ ሃያ ሁለት ቁጥር፣ ሁለተኛው ግብ አግቢያችን፣ ጉዳተኛው ተከላካይ። የገቡ፦ አንድ የሠላሳ ዓመት ሰውዬና ሦስት የመምረጥ ተራ። ድካም ነው።

ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ጋሽ ኬን ጻፉ። "የጉልበቱ ልጅ የት ሄደ?"

የቱ ልጅ? አላወቅሁም። ጉልበቱን የተጎዳ ይሆናል ብዬ ገምቼ፣ ተጣድፌ "ዘንድሮ አልተጫወተም እኮ፣ ዝርዝር ውስጥ ምን ይሠራል" አልኩ። ምንም አልመለሱም። ሂሳብ ክፍል ውስጥ አሥር ጊዜ ስልኬን አየሁ። አስተማሪዋ ከኤርሚ ወዲህ አትቆጣኝም፤ ያ ራሱ ያናድደኛል።

ቤት ስገባ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። እስከ ዛሬ የማነበው የኋላውን ብቻ ነበር። በጁላይ የጻፈው ይሄ ነው፦

"አሥረኛ፣ የጉልበቱ ልጅ። ጉልበቱን ተቀዶ ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ሁሉም ረስተውታል። አሥረኛው ቦታ ሁልጊዜ የተረሳ ልጅ ነው። ለጋሽ ኬን ቃል ገብቻለሁ፣ ምንም ቢመጣ አላወጣውም።"

አወጣሁት። እኔ።

ማታ መልሳቸው መጣ። "እሑድ ጠዋት እንደየዓመቱ በቪዲዮ እንገናኝ። ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ።" ዝውውር በተዘጋ ሳምንት እንዲህ ያደርጉ ነበር። የእሳቸው እሑድ ጠዋት የእኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሦስት ቀን አለኝ።

ሐሙስ

ከትምህርት ቤት በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኢስት ኮልፋክስ ሄድኩ፣ ጋሽ ታደሰ ሱቅ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። የእቴቴን መርዶ ከዚህ ሆነው ያቀናጁት እሳቸው ናቸው። በርበሬ በላስቲክ እየመዘኑ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ።

"ሰውዬው ስንት ዓመታቸው ነው?"

"ሰባ አንድ።"

"ባለቤታቸውስ?"

"ሞተዋል። ሁለት ዓመት ሆናቸው።"

"ክርስቲያን ናቸው?"

"እኔ እንጃ። ውሻ አላቸው።"

ሚዛኑን ተዉት። ጨዋታው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁኝ። በእጅም በእግርም ነው፣ ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፣ አራት ቋሚ አለ፣ በመሃለኛዎቹ ከገባ ስድስት ነጥብ፣ በጎን በኩል ካለፈ አንድ ነጥብ አልኳቸው።

"ሲስቱም ነጥብ ይሰጣቸዋል?"

"አዎ።"

"ደግ አገር ነው" አሉ።

መርዶ ለምን ጠዋት እንደሚነገር ጠየቅኳቸው። እስከ ዛሬ ዝም ብሎ ልማድ ይመስለኝ ነበር። "ቀኑን ሙሉ ሰው አብሮት እንዲውል ነዋ። ማታ የሰማ ሰው ሌሊቱን ብቻውን ነው" አሉኝ። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩልኝ፦ ጠዋት ይሁን፤ አጠገባቸው የቅርብ ሰው ይኑር፤ የሚናገረው ትልቅ ሰው ይሁን። "አንተ አይደለህም የምትናገረው። ወንድም አያረዳም።"

ሰው በአካል ሳይሄድ በቪዲዮ ይሆናል ወይ አልኳቸው። እዚያ ያለው ሰው አካል ነው፣ እኛ ድምፅ እንሆናለን አሉ። ግን ከአባቴ ተደብቆ የሚሆን ነገር እንደሌለ፣ እስከ ነገ ካልነገርኩት እሳቸው እንደሚነግሩት አስጠነቀቁኝ።

ዓርብ

መጀመሪያ ለልጃቸው ለሊን ጻፍኩ። ቁጥሯ ኤርሚ ስልክ ላይ ነበር፤ አምና ጋሽ ኬን ሆስፒታል ሲገቡ የተሰጠው ነው። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንዳደረግሁ። ስልክ ደውዬ እኔው ልንገረው አለች። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም አልኳት፤ እሑድ ጠዋት ግን እሳቸው ጋ ሁኚ፣ ሌላ የሚወዱት ሰውም ካለ ይምጣ። "ጎረቤቶቹን ይዤ እመጣለሁ። ዳቦ ይዘን እንገባለን" ብላ ጻፈች።

ከዚያ አባዬ። ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲፈታ ነገርኩት። እማዬ ወጥ ቤት ነበረች፤ ሽንኩርቱን መክተፍ ስታቆም ተሰማኝ።

"ሰባት ሳምንት ዋሸህ?" አለኝ።

"እናንተም እቴቴን..."

"እኛ ስምንት ቀን ነው!"

አንድ እግሩ ላይ ጫማ፣ አንዱ ላይ ካልሲ ብቻ እንደሆነ ተቀመጠ። እኔም ቆምኩ። ቀስ ብሎ "ያስተማርንህ ግማሹን ነው" አለ። "ዝም ማለቱን አየህ። መሄዱን አላየህም።"

ሱሪውን ለነገ እንዲተኮስ አወጣ። ጥቁሩን።

እማዬ ሽንኩርቱን ቀጠለች።

ቅዳሜ

ጋሽ ታደሰ በሙሉ ልብስ መጡ። ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አባዬ የሚናገረውን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፎ ይዞ ነበር። እማዬ ከወጥ ቤት አልወጣችም።

ልንደውል ስንል ከበሩ ላይ ድምፅዋ መጣ። "ሰውዬው ቁርስ በልተዋል?"

አባዬ አየኝ። ለሊን ጻፍኩላት። "በልቷል፣ ሁለት እንቁላል" አለች። ለእማዬ ነገርኳት። "እንግዲያው ደውሉ" አለች።

ጋሽ ኬን የቡድናችንን ኮፍያ አድርገው ነበር። በግራ በኩል ሊን፣ ከኋላ አንድ ባልና ሚስት፣ ከታች የውሻው ጆሮ። ፈገግ ብለው ጀመሩና ሦስት ሰው ጥቁር ለብሶ ሲያዩ ፈገግታው ቆመ። ዞረው ሊንን አዩ። እሷ እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች።

አባዬ ተነሥቶ ቆመ። ወረቀቱን አላነበበም።

"ጋሽ ኬን" አለ፣ "እኔ የኤርሚያስ አባት ነኝ። ልጃችን አርፏል። ይወድዎት ነበር። ብቻዎን እንዳይሰሙት ብለን ነው።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ፤ እኛ ቤት በመጡበት ቀን እንደቆሙት። የጎረቤትየው ሚስት ታለቅስ ነበር፣ ኤርሚን አይታው እንኳ ሳታውቅ።

"መቼ?" አሉ።

አባዬ ነገራቸው።

"ታዲያ ሲጽፍልኝ የነበረው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ሚኪ። ታናሹ።"

አዩኝ። ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ ብለው አልነበር፣ እንደዚያው አዩኝ። "የጉልበቱን ልጅ ስታወጣው እሱ እንዳልሆነ ገባኝ" አሉ። "የታመመ መስሎኝ ነበር። ወይም የተጣላኝ።"

ይቅርታ አልኳቸው። "ትንሽ ጊዜ ስጠኝ፣ ልጄ" ብለው ተነሥተው ከስክሪኑ ወጡ። ውሻው ተከትሏቸው ሄደ። ሊን ቀኑን ሙሉ አብረውት እንደሚውሉ ነግራን ዘጋችው።

እማዬ በሩ ላይ ነበረች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ውዬ ስወጣ ስልኩን ለማየት ፈራሁ። መኪና ውስጥ ከፈትኩት። ምንም የለም። አባዬ በመስታወቱ እያየኝ ነበር፤ ራሴን ነቀነቅሁ።

ቤት ገብቼ ሁለት ሰዓት ያህል የኤርሚ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ መጣ። አጭር ነው።

"ትናንት ቤቴ ሰው ሞልቶ ዋለ። አባትህን አመስግንልኝ። አሁን ዝርዝሩን አስተካክለህ ላክልኝ። በራስህ ስልክ፣ በራስህ ስም።"

ከታች ጋሽ ኬን አላሉም። ኬን ብቻ። ተቆጥተው ነው ወይስ ያ ስም የኤርሚ ብቻ ስለሆነ? አላወቅሁም። አልጠየቅሁም።

ዝርዝሩን በራሴ እጅ እዚህ ደብተር ላይ እንደገና ጻፍኩት። ከአንድ እስከ ዘጠኝ የእኔ ናቸው፤ ይሰድቡኝ። አሥረኛ፣ የጉልበቱ ልጅ። ከራሴ ስልክ ላክሁት። መጨረሻው ላይ "ሚኪ" አልኩ።

ራት ላይ እማዬ ድንገት ጠየቀች። "ይሄ ልጆቹን የሚመርጡበት ቀን መቼ ነው?"

አባዬ ጉርሻው አፉ ላይ ቀረ።

"በሚቀጥለው ወር" አልኳት።

"ሰውዬው ብቻቸውን ነው የሚያዩት?"

"ሁልጊዜ ከኤርሚ ጋር በስልክ እያወሩ ነበር።"

ሳህኖቹን ሰበሰበች። ቧንቧውን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። "ያን ሌሊት ከሰውዬው ጋር ሳትተኛ ለመቆየት ከሆነ የቤት ሥራህን ቀድመህ ጨርስ" አለችኝ።

ኳሷ አሁንም ጋራዥ ናት። ጋሽ ኬን እስካሁን አልመለሱም። እዚያ ሰኞ ቀትር ይሆናል።