ገላጋይን ማን ጠራው?

እምነትዬ፣

ሰላም አስከባሪ ጦር ለመላክ በተጠራው ስብሰባ ላይ ማስተርጎም ከጀመርኩ አስራ አንደኛ ቀኔ ነው። ተፋላሚዎቹ ካልፈቀዱ ጦሩ አይገባም፤ ዛሬ ደግሞ በመለዮው ቀለም ሳይስማሙ ዋሉ። ታክቶኝ መርካቶ ወጣሁ።

ሸማ ተራ ሁለት ጋቢ ሻጮች ተናነቁ። እትዬ ሀፍሷ የሚሏቸው ጎረቤታቸው ዘለው መሀል ገቡ። አንደኛው «እርስዎን ማን ጠራዎት?» ቢላቸው፣ «ገላጋይ ተጠርቶ ያውቃል?» አሉና አላቀቋቸው። ክንዳቸው ግን ተቧጨረ። እኛስ አገር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፈቃድ ጠይቆ የገላገለ ሰው ትዝ ይልሻል?

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ። ወንድምሽ ኃይለልዑል አሁንም ሻንጣውን አስሮ ካምፕ ውስጥ የዚሁን ጦር የጉዞ ትእዛዝ እየጠበቀ ከሆነ፣ ፈትቶ ቅያሪ ልብስ ያውጣ በይው።

አስናቀው