ቀዳዳ የሌለው ጠረጴዛ ጌታ፦ የኦቦ ሂርጳ ጀቤሳ የሕይወት ታሪክ

ኦቦ ሂርጳ ጀቤሳ ከአባታቸው ከኦቦ ጀቤሳ ጉዩ እና ከእናታቸው ከአዴ ሃዋኒ ዲንሳ በ1952 ዓ.ም. በጉደር ተወለዱ። ትምህርታቸውን በጉደርና በአምቦ ተከታትለው በእንስሳት ጤና ረዳትነት ተመረቁ፤ ጡረታ እስኪወጡም በደንዲ ወረዳ ከብት ሲያክሙ ኖሩ። በ1979 ዓ.ም. ከአዴ ድንቅቱ ኢብሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ጃለኔንና ልዩን ወለዱ።

ከረንቡላ የለመዱት ጊንጪ፣ ከሥራ መልስ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ጨዋታው ሦስት ኳስና ቀዳዳ የሌለው ጠረጴዛ ነው፤ የራስን ኳስ መትቶ ሁለቱን ሌሎች ማስነካት። ኦቦ ሂርጳ በቀጥታ መምታትን ይንቁ ነበር። ኳሳቸው መጀመሪያ ሦስት ጠርዝ ትሳለማለች፤ ከዚያ ማንም ባልጠበቃት በኩል ከች ትላለች። የታመመ በሬ እንደሚያባብሉ ሁሉ ጎንበስ ብለው «ሱታ፣ ሱታ» ይሏት ነበር፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ተጋጣሚያቸው አቶ ወንድወሰን ይገዙ አንድ ጊዜ «ኦቦ፣ ኳሷን ይመቷታል ወይስ ይመርቋታል?» ቢሏቸው፣ «አንተ ስደባት፣ እኔ ልመርቃት፤ የማንን እንደምትሰማ እናያለን» ብለው በ2007 ዓ.ም. የምዕራብ ሸዋ ከተሞችን ሻምፒዮንነት ወሰዱ። በ2009ም ደገሙት።

ድሉ ግን ጨዋታው ከሚካሄድበት ሆቴል በር አልወጣም። ለሚመለከተው ክፍል ከረንቡላ ስፖርት አልነበረም፤ ለጎረቤት ደግሞ የሥራ ፈት መዋያ ነው። የኦቦ ሂርጳ ምኞት ጨዋታው ከእሳቸው በኋላ በአምቦ ወጣቶች እጅ እንዲኖር ብቻ ነበር። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. የገዛ ጠረጴዛቸውን፣ በየዓመቱ ውድድር ይደረግበት ብለው፣ ለአንድ የወጣቶች መዝናኛ ሰጡ። ቃል ተገባ፤ ተጨበጨበ።

የምረቃው ዕለት ጨርቁ ሲገለጥ ጠረጴዛው ስድስት ቀዳዳ አለው። የመዝናኛው ኮሚቴ «ሥራው አላለቀም» ብሎ በአናጺና፣ ከጨርቁ ሥር ያለው ገበታ ድንጋይ ነውና፣ በድንጋይ ጠራቢ አስበስቶታል። የሚመለከተው ክፍል ኃላፊ በኩራት «ኦቦ ሂርጳ፣ የጎደለውን አሟልተንልዎታል» አሉ። ኦቦ ሂርጳ ጎንበስ አሉ፤ «ሱታ» ብለው መቱ። ኳሷ ሦስቱን ጠርዝ ዞራ፣ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት የማዕዘኑ ቀዳዳ ዋጣት። አዳራሹ ነጥብ ያስቆጠሩ መስሎት በጭብጨባ ተናጋ። ያንን ጭብጨባ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪካቸው የደጅ ጥናት ታሪክ ነው። «ቀዳዳውን ድፈኑልኝ» ሲሉ፣ «ለምን ፑል አይጫወቱበትም?» ይባላሉ። በጀት ይጠብቁ ተባሉ፤ ጠበቁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ፤ ኃላፊው ተቀየሩ፣ አዲሱም ስብሰባ ገቡ። አዴ ድንቅቱ አንድ ቀን አምርረው «ኳስህ እንኳ ሦስት ጠርዝ ነክታ ትደርሳለች፤ አንተ ይህን ሁሉ ቢሮ ነክተህ የት ደረስክ?» አሏቸው። ኦቦ ሂርጳ ሳቁ፤ በማግስቱም ሄዱ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በአምቦና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው።

ሊያጽናኑን ከመጡት መካከል የሚመለከተው ክፍል ተወካዮችም አሉ፤ እግዜር ይስጥልን። ዛሬ አንዱን ጉድጓድ እኛ እንደፍናለን። ስድስቱ የእናንተ ናቸው።

ለኦቦ ሂርጳ ነፍስ ጌታ ደጅ የማያስጠና ማረፊያ ይስጥልን። አሜን።